የመናፍስት አደን ፕሮግራምን ከልጆች ጋር እንዴት መመልከት ይቻላል?

ድሬዳዋ ላይ አመሻሹን ሙቀቱ ጋብ ሲል ልጆች በዲሽም ሆነ በስልክ የመናፍስት አደን ፕሮግራም (አቅራቢዎች መናፍስት አሉበት በተባለ ቤት ሌሊት መናፍስትን የሚፈልጉበትን) ከፍተው ከተቀመጡ፣ ከመዝጋት ይልቅ አብሮ ተቀምጦ አሠራሩን ማሳየት ይሻላል። ስለ ጅን ወይም ስለ ዛር ክርክር መክፈት አያስፈልግም፤ ያ የሼኹና የቄሱ ጉዳይ ነው። ሐረር ውስጥ ጅብ ጅን ይበላል የሚለው እምነትም ከቴሌቪዥን በፊት የነበረ ነው። የሚመረመረው ስክሪኑ ‹‹ማስረጃ›› ብሎ ያቀረበው ብቻ ነው።

በመጀመሪያ የፕሮግራሙን ዓይነት ይለዩ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1977 አሜሪካ ውስጥ የጀመረው ‹‹ኢን ሰርች ኦፍ›› የሚያቀርበው በከፊል በግምት ላይ የተመሠረተ መሆኑን ገና ሲጀምር ይናገር ነበር። በ1992 ቢቢሲ ያሳየው ‹‹ጎስትዋች›› ግን አስቀድሞ የተቀረጸ ድራማ ሆኖ ሳለ እንደ ቀጥታ ሥርጭት በመቅረቡ ብዙ ተመልካች እውነት መስሎት ደነገጠ። በ2004 የጀመረው ‹‹ጎስት ሀንተርስ›› ደግሞ የቧንቧ ሠራተኞችን መለኪያና መቅረጫ መሣሪያ አሲዞ ሌሊት ሕንፃ ለሕንፃ አዞረ። ከሁሉም ይበልጥ እምነት የሚያሳድረው ይህ የመጨረሻው ይመስለኛል፤ ተመልካቹ ‹‹ሲባል ሰማሁ›› ሳይሆን ‹‹መሣሪያው ሲያሳይ አየሁ›› ብሎ ይነሣልና። የእንግሊዝ የብሮድካስት ተቆጣጣሪ ኦፍኮም ግን በ2005 ‹‹ሞስት ሆንትድ›› የተሰኘውን ተመሳሳይ ፕሮግራም ከምርመራ ሳይሆን ከመዝናኛ መድቦታል።

ከዚያ አስፈሪውን ክፍል ድምፁን አጥፍተው ይድገሙት። ሙዚቃውና የአቅራቢው ጩኸት ሲቀር፣ ብዙ ጊዜ የሚቀረው ጨለማ ኮሪደርና የደነገጠ ፊት ብቻ ነው።

በአየር ላይ የሚንሳፈፉ ብርሃናማ ክቦች ከታዩ ሙከራው ቤት ውስጥ ይሠራል፤ ለአቧራ ድሬዳዋ አታንስም። መብራት ያጥፉ፣ ምንጣፍ ያራግፉ፣ ወዲያው በስልክ ፍላሽ ፎቶ ያንሡ። ለሌንሱ በጣም የቀረበ ብናኝ የፍላሹን ብርሃን መልሶ ስለሚያንጸባርቅና ከፎከስ ውጭ ስለሚሆን፣ ቅንጣቷ ትልቅ ክብ ሆና ትወጣለች። ልጁ ራሱ ያነሣው ፎቶ ከአባት ምክር ይልቅ ያሳምነዋል።

አቅራቢዎቹ መንፈስ ሲቀርብ ይበራል እያሉ ስለሚይዙት መለኪያም ያስረዱ፦ የሚለካው የኤሌክትሮማግኔቲክ መስክን ስለሆነ የመብራት ቆጣሪ፣ የግድግዳ ሽቦ ወይም የቀረጻ ሠራተኞቹ የራሳቸው ሬዲዮና ስልክ ሊያስጮኸው ይችላል። መናፍስትን ለይቶ የሚያውቅ መሣሪያ የለም።

‹‹የሙታን ድምፅ›› የሚባለውን ቅጂ ሲያሰሙ ከስክሪኑ ሥር የሚወጣውን ጽሑፍ በእጅዎ ይሸፍኑ። ፕሮግራሙን ያላየ ጎረቤት ወይም ዘመድ ጠርተው ድምፁን ያሰሙት፤ ምን እንደሚል ግን አይንገሩት። የሰማውን በወረቀት ይጻፍ፣ ልጆቹም ለየብቻ ይጻፉ፤ ከዚያ እጅዎን አንሥተው ሁሉንም ከጽሑፉ ጋር ያስተያዩ። አእምሮ በሹክሹክታ መሳይ ጫጫታ ውስጥ ቃል መፈለግ ልማዱ ስለሆነ፣ ጽሑፉን አስቀድሞ ያነበበ ሰው ያነበበውን ያንኑ ይሰማል።