የጂን ኤክስፕረሽንን በሳልሞን እንዴት መገመት ይቻላል

የጂን ኤክስፕረሽንን (ጂኑ ምን ያህል እንደሚሠራ) ለማወቅ የአርኤንኤ ሪዶችን፣ ማለትም ማሽን ያነበባቸውን አጫጭር ቁራጮች፣ ቆጥሮ ለየጂኑ መስጠት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የአንድ ጂን ትራንስክሪፕቶች (ከጂኑ የሚገለበጡ የአርኤንኤ ዓይነቶች) ብዙ ኤክሶን (በትራንስክሪፕቱ ውስጥ የሚቀር የጂን ክፍል) ስለሚጋሩ አጭር ሪድ ከየትኛው እንደመጣ መለየት ያስቸግራል። ሳልሞን የተባለው ነፃ ሶፍትዌር አሻሚ ሪዶችን አይጥልም፤ በያዘው ግምት መጠን ያካፍላቸዋል፣ ግምቱን ያርማል፣ ቁጥሩ እስኪረጋ ይደጋግማል። ስለዚህ ውጤቱ ላይ 12.4 ሪድ ቢያዩ አይደንግጡ።

መጀመሪያ ማጣቀሻ ያውርዱ። ለሰው ናሙና ከጄንኮድ (የጂኖች ዝርዝር ከሚያቀርበው የመረጃ ቋት) የትራንስክሪፕት ፋስታ (የቤዝ ቅደም ተከተል ፋይል)፣ የጂኖም ፋስታና ጂቲኤፍ (የትኛው ትራንስክሪፕት የየትኛው ጂን እንደሆነ የሚገልጽ ፋይል) ያስፈልጋል፤ ሦስቱም የአንድ ዕትም ይሁኑ። አብዛኛው ጣጣ የሚመነጨው ዕትም ከመቀላቀል ነው።

ሁለቱን ፋስታዎች ያጣምሩ፤ ትራንስክሪፕቶቹ ይቀድማሉ፣ ጂኖሙ ይከተላል። የክሮሞዞሞቹን ስም በሌላ ፋይል ዘርዝረው በ«ዲኮይ» (ማታለያ) አማራጭ ይስጡት። ይህ ከኢንትሮን (ከትራንስክሪፕቱ ተቆርጦ ከሚወጣው የጂን ክፍል) የመጣ ሪድ ተመሳሳይ ትራንስክሪፕት ላይ እንዳይለጠፍ ይከላከላል። ከዚያ ኢንዴክስ (ሶፍትዌሩ በፍጥነት የሚፈልግበት ማውጫ) ይሥሩ። የጄንኮድን አማራጭ ካልጨመሩ የትራንስክሪፕቱ ስም ረጅም ጭራ ይዞ ይቀራል። የኬሜር (ለማዛመድ የሚያገለግል አጭር የቤዝ ቁራጭ) ነባሪ ርዝመት 31 ሲሆን 75 ቤዝና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሪዶች ይስማማል፤ ለ50 ቤዝ ወደ 23 ዝቅ ያድርጉት። ቁጥሩ ጎዶሎ መሆን አለበት። ከነጂኖሙ ሲሠራ ብዙ ራም ይበላል፤ 16 ጊጋባይት ላይበቃ ይችላል።

ለእያንዳንዱ ናሙና ጥንድ የሪድ ፋይሎቹንና የራሱን የውጤት ፎልደር ይስጡ። የላይብረሪውን (ለንባብ የተዘጋጀውን ናሙና) ዓይነት ሶፍትዌሩ ራሱ እንዲለይ «ኤ» ይበሉት፤ የጂሲ እርማቱንም (ከጂ እና ሲ ቤዞች ብዛት የሚመጣውን መዛባት የሚያርመውን) ያብሩ።

ቁጥሮቹን ከመክፈትዎ በፊት በሎግ ፋይሉ ውስጥ የማፒንግ ምጣኔውን (ከማጣቀሻው ጋር የተዛመዱ ሪዶችን ድርሻ) ይዩ። ከግማሽ በታች ከሆነ ሪቦሶማል አርኤንኤ በደንብ አልተወገደ ይሆናል፣ ወይም ማጣቀሻው የሌላ ዝርያ ነው። አንዱ ናሙና ብቻ ከወረደ ግን ማጣቀሻውን ትተው ናሙናውን ይጠርጥሩ።

የውጤት ሰንጠረዡ ስም፣ ርዝመት፣ ውጤታማ ርዝመት (ሪድ ሊጀምርበት የሚችለው ርዝመት)፣ ቲፒኤም (ትራንስክሪፕቱ ከሚሊዮን ውስጥ ያለው ድርሻ) እና የሪድ ብዛት ይዟል። ቲፒኤም በየናሙናው ተደምሮ አንድ ሚሊዮን ነው፤ በደም ናሙና ሄሞግሎቢን ቢያብጥ የሌሎቹ ድርሻ ያለጥፋታቸው ይቀንሳል። ስለዚህ ለዲሴክ2 (በናሙናዎች መካከል የጂን ኤክስፕረሽን ልዩነትን ለሚፈትሸው ፕሮግራም) ቲፒኤም አይስጡ። በአር (የስታቲስቲክስ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ) ውስጥ በቲኤክስኢምፖርት ጥቅል፣ ከጂቲኤፉ በወጣ የትራንስክሪፕትና ጂን ዝርዝር፣ የሪድ ግምቱን ወደ ጂን ደረጃ ያምጡና እሱን ይስጡ። «አንድም ትራንስክሪፕት አልተገኘም» የሚል ስህተት ከመጣ ብዙ ጊዜ ከመለያው ነጥብ በኋላ ያለው የዕትም ቁጥር በዚያ ዝርዝር ላይ ስለጎደለ ነው፤ ቁጥሩን ችላ የሚያስብለውን አማራጭ ያብሩ።