በደብረ ብርሃን አየር ላይ የሚንሳፈፍ የካርቶን አውሮፕላን አሠራር

ደብረ ብርሃን ፊዚክስ አስተምራለሁ። ልጆች ስለ አውሮፕላን ሲጠይቁኝ ካርቶንና ምላጭ ይዘው እንዲመጡ እነግራቸዋለሁ። በገዛ እጅ የተሠራ ትንሽ አውሮፕላን ሰሌዳ ላይ ከሚሳል ከየትኛውም ሥዕል በላይ ያስረዳል። ሞተር አያስፈልገውም። የበረራ ትልቁ ጉዳይ ሞተር ሳይሆን ሚዛን ነው።

የፓስታ ወይም የብስኩት ስስ ካርቶን፣ 35 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ የሸምበቆ ስንጥር፣ ፕላስተር፣ ኮላ፣ አንድ የክብሪት እንጨት እና ትንሽ የጧፍ ሰም አዘጋጁ። ከካርቶኑ ሁለት ክንፍ ቁረጡ፤ እያንዳንዱ 20 ሳ.ሜ. ርዝመት፣ 7 ሳ.ሜ. ስፋት ይኑረው። ለአግድሙ ጭራ 14 በ5፣ ለቆመው ጭራ 6 በ5 ይበቃል። ምላጩን ለትንንሾቹ አትስጧቸው።

ክንፎቹን ጠርሙስ ላይ ጫን እያላችሁ ከፊት ወደ ኋላ ትንሽ ደገን አድርጓቸው፤ ጉብታው ወደ ላይ ይሁን። ሁለቱን መሃል ላይ በፕላስተር አገናኙና ጫፎቻቸውን ከመሃሉ 3 ሳ.ሜ. ያህል ከፍ አድርጉ። አውሮፕላኑ ወደ ጎን ሲያጋድል ራሱን የሚያቃናው በዚህ ነው። ከስንጥሩ ጫፍ 10 ሳ.ሜ. ለአፍንጫ ትታችሁ ክንፉን ለጥፉ። ስትለጥፉ የክብሪቱን እንጨት በክንፉ የፊት ጠርዝ ሥር አስገቡ፤ ክንፉ ከፊት 2 ሚሊ ሜትር ያህል ቀና ይላል። ጭራዎቹ ከኋላ ጫፍ ላይ ይግቡ። ኮላው ቤት ውስጥ ይድረቅ። ውጭ ያደረ ካርቶን ጤዛ ይጠጣል፣ ይጣመማል።

ያቺ 2 ሚሊ ሜትር ብዙ ሥራ አለባት። ክንፍ ወደ ፊት ሲሄድ የሚያገኘውን አየር ወደ ታች ያወርዳል፤ አየሩም በአጸፋው ክንፉን ወደ ላይ ይገፋዋል። ከክንፉ በላይ ያለው ግፊት ከታቹ ያንሳል። "ከላይ የሚያልፈው አየር የሚፈጥነው ከታችኛው ጋር እኩል ለመድረስ ነው" የሚባለውን ግን ልጆቻችሁን አታስተምሯቸው። እኩል የመድረስ ግዴታ የለበትም፤ እንዲያውም የላይኛው ቀድሞ ይደርሳል።

አሁን ወደ ሚዛኑ። ከክንፉ የፊት ጠርዝ 2 ሳ.ሜ. ወደ ኋላ ለኩና አውሮፕላኑን እዚያ ላይ በሁለት ጣት ጫፍ ደግፉት። ጭራው ዘጭ ይላል። የጧፉን ሰም በእጃችሁ እያሞቃችሁ አፍንጫው ላይ ጨምሩ፤ አግድም ሲቆም ተዉት። ይህን ያለፈ ሰው የቀረው ድካሙ ከንቱ ነው።

ነፋስ ሳይነሳ በጠዋት ሣር ያለበት ሜዳ ውጡ። ወደ ሰማይ አታወንጭፉት። በትከሻ ቁመት ይዛችሁ፣ አፍንጫውን ትንሽ ወደ ታች አድርጋችሁ፣ ቀጥ ባለ መስመር ግፉትና ልቀቁት።

ከዚያ አወዳደቁን እዩ። ሽቅብ ብሎ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ከወደቀ አፍንጫው ቀሏል፤ ሰም ጨምሩ። ክንፉ ከልክ በላይ ቀና ሲል አየሩ ከላዩ ይላቀቃል፤ የሚያነሳው ኃይልም ይከዳዋል። በሰው ላይ የደረሰ ነገር ነው። ጀርመናዊው ኦቶ ሊሊየንታል በሠራቸው ክንፎች ከኮረብታ እየተነሳ ለዓመታት በሯል። ሚዛኑን የሚጠብቀው ሰውነቱን ወዲያና ወዲህ በማወዛወዝ ብቻ ነበር። በአድዋ ድል ዓመት፣ ነሐሴ 1888 ዓ.ም.፣ ክንፉ አየር ላይ ቀጥ አለበትና ወደቀ፤ በማግስቱ ሞተ።

በአፍንጫው ከተተከለ ሰም ቀንሱ፤ ወይም የአግድሙን ጭራ የኋላ ጠርዝ በጣም በትንሹ ወደ ላይ አጥፉ። ወደ ግራ ከዞረ መጀመሪያ ክንፉ መጣመሙን ከፊት ለፊት አይታችሁ አቃኑ። ካልተስተካከለ የቆመውን ጭራ የኋላ ጠርዝ ወደ ቀኝ አጠፍ አድርጉ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ አለዚያ የትኛው እንደሠራ አታውቁም።

ብስክሌት ሠሪዎቹ ወንድማማቾች ዊልበርና ኦርቪል ራይትም መጀመሪያ የያዙት ይህንኑ መቆጣጠር ነበር። ክንፉን ሆን ብለው በገመድ እየጠመዘዙ አውሮፕላኑን ማጋደልና ማቃናት ቻሉ። በ1894 ዓ.ም. ነፋስ የሚያልፍበት ሣጥን ሠርተው ከመቶ በላይ ትንንሽ የክንፍ ቅርጾችን ለኩበት። ሞተሩ የመጣው በመጨረሻ ነው። ታኅሣሥ 7 ቀን 1896 ዓ.ም. የመጀመሪያው በረራቸው 12 ሰከንድ ቆየ፤ 36 ሜትር ያህል ሄደ። በዚያ ሞተር ላይ ብቻ ቢያተኩሩ ኖሮ 12ቱ ሰከንድም ባልተገኘች ነበር ብዬ አምናለሁ።

እነሱ የበረሩት ባሕር ዳርቻ ላይ ነው። እኛ ያለነው 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚህ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ይሳሳል፤ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ክንፉ 15 በመቶ ያህል መፍጠን አለበት። ስለዚህ ወፍራም ካርቶን አትጠቀሙ፤ ስትለቁትም ጠንከር አድርጉት። በነሐሴ 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ያረፈው የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ በ1928 ዓ.ም. እዚያው የተሠራችው ፀሐይ የተባለች አውሮፕላንም ለደጋ አየር ይህንኑ ግብር ከፍለዋል። የቦሌ መንደርደሪያ 3,800 ሜትር ያህል የረዘመበት አንዱ ምክንያትም የቦታው ከፍታ ነው።

ቀጥ ብሎ መንሳፈፍ ከለመደ በኋላ ትንሽ ተዳፋት ፈልጉ። ጣርማበር አፋፍ ላይ አሞራ ክንፉን ሳያርገበግብ ሲንሳፈፍ አይታችሁ ይሆናል፤ ነፋሱ ከገደሉ ጋር ሲላተም ሽቅብ ስለሚወጣ ነው። ከቤት ጀርባ ያለች ጉብታም ለካርቶን አውሮፕላን ትበቃለች። ለስ ያለ ነፋስ ወደ ፊታችሁ በሚነፍስበት ሰዓት ከአናቷ ልቀቁት። ልጆች ይዛችሁ ግን ወደ ጣርማበር ገደል አትሂዱ።