ረጅሙን ዳገት በኮርሳ ብስክሌት፦ ከባሕር ጠረፍ እስከ ቴይዴ እንዴት ይወጣል?

በስፔኗ ቴነሪፌ ደሴት የብስክሌት ልምምድ ካምፕ የገባ ሰው ከሳምንቱ ቀናት በአንዱ የቴይዴን ተራራ መውጣቱ አይቀርም። ከሎስ ክሪስቲያኖስ ባሕር ዳር ተነስቶ በአሮናና በቪላፍሎር በኩል ወደ ብሔራዊ ፓርኩ የሚወጣው መንገድ ወደ 35 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ከባሕር ወለል ተነስቶ ከ2,000 ሜትር በላይ ያደርሳል። ደህና ልምምድ ያለው ሰው ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅበታል።

ወደ ዝግጅቱ ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ልበል። ላይ ያለው የፓራዶር ሆቴል ወደ 2,150 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። የፕሮፌሽናል ቡድኖች ደማቸው ብዙ ኦክስጅን እንዲሸከም ብለው ለሳምንታት የሚያድሩት እዚያ ነው። ብራድሊ ዊጊንስም የ2012ን ቱር ደ ፍራንስ ከማሸነፉ በፊት እዚህ ተራራ ላይ ተለማምዷል። ከፍታው ግን ከቦሌ አየር ማረፊያ ያንሳል! እነሱ ከፍለው የሚተኙበትን አየር የአዲስ አበባ ሰው በነጻ ይተኛበታል። እኔም አሥር ዓመት ፍራንክፈርት ከኖርኩ በኋላ «የሸገር ልጅ ነኝ፣ ሳንባዬ ይህን ያውቀዋል» ብዬ ነበር የሄድኩት። ከፍታ የጨመረው ቀይ የደም ሕዋስ ግን ዝቅተኛ ቦታ ከወረዱ በሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል። የሸገር ልጅነቴ ለወሬ ካልሆነ አልጠቀመኝም።

1. ማርሹን ከቤት ሳትወጡ አስተካክሉ

ከፊት ትንሹ 34 ጥርስ፣ ከኋላ ትልቁ 34 ጥርስ ይሁን። ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማውም አንዴ ይዞራል ማለት ነው። የኮርሳ ጎማ ዙሪያው 2.1 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በደቂቃ 70 ዙር ብትረግጡ በሰዓት ወደ 9 ኪሎ ሜትር ትሄዳላችሁ። የኋላ ማርሹ ከ25 ጥርስ የማያልፍ ሰው በዚያው ፍጥነት ሲሄድ ዙሩ ወደ 50 ይወርዳል። ያኔ ሸክሙ ከትንፋሽ ወደ ጉልበት ይዞራል፤ ለአሥር ደቂቃ ይቻላል፣ ለሦስት ሰዓት ግን ጉልበት ይበላል። «ይሄማ የሽማግሌ ማርሽ ነው» ብሎ የሚስቅ ጓደኛ አይጠፋም። ቪላፍሎር ላይ ታገኙታላችሁ።

2. ኪሳችሁን ሙሉ

እንዲህ ባለ ዳገት ላይ በሰዓት 60 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ያስፈልጋል። አንድ መካከለኛ ሙዝ 25 ግራም ገደማ ስላለው በሙዝ ብቻ እንወጣዋለን ካልን ስምንት ሙዝ መሸከም ሊኖርብን ነው፤ ይህን ደግሞ የጀርባ ኪስ አይችለውም። እኔ የምይዘው በሶ ነው። ማታውኑ በማር፣ በጥቂት ውኃና በቁንጥር ጨው እለውሰዋለሁ፤ አውራ ጣት የሚያህል ጭብጦ አደርግና እያንዳንዱን በፎይል እጠቀልላለሁ። ላዩ ደረቅ፣ ውስጡ ለስለስ ያለ መሆን አለበት፤ ማሩ ከበዛ ፎይሉ ላይ ይጣበቃል፣ ካነሰ አፍ ውስጥ ዱቄት ይሆናል። ከጭብጦው ጋር ቴምርና ሁለት ሙዝ እጨምራለሁ። የሚበላው ሳይራብ ነው፤ በየ20 ደቂቃው ሰዓት እያዩ መጉረስ።

ካምፑ ብዙ ጊዜ የካቲትና መጋቢት ላይ ስለሚውል ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። የጠቀስኳቸው ምግቦች ሁሉ የጾም ስለሆኑ በዚያ በኩል ሐሳብ አይግባችሁ። አስቸጋሪው ሰዓቱ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚያቆይ ሰው የንስሐ አባቱን አስቀድሞ ያማክር፣ አለዚያ ይህን ዳገት ከፋሲካ በኋላ ይውጣው። በባዶ ሆድ አይሞከርም።

3. የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት አትመኑት

ዳገቱን የሚያበላሸው ይህ ግማሽ ሰዓት ነው። ሌሊቱን አርፋችኋል፣ ቁርስ በልታችኋል፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ነፋሻ አየር አለ፣ እግር ደግሞ ራሱን እንደ ፈረስ ይቆጥራል። መንገዱም ከባሕር ዳር ሲነሳ አንዴ ላላ፣ አንዴ ከበድ ስለሚል ምን ያህል ጉልበት እንዳወጣችሁ አይታወቃችሁም።

መለኪያው ወሬ ነው። «ትናንት ማታ ያቀረቡልን ሩዝ ጨው የሚባል አልነካውም» የሚለውን ሳትቆራርጡ መናገር ከቻላችሁ ልክ ናችሁ። «ሩዝ» ላይ ትንፋሽ ከወሰዳችሁ ቀንሱ። ዋት መለኪያ ያለው ሰው ደግሞ አንድ ሰዓት ሙሉ ሊይዘው ከሚችለው ኃይል ከ70 እስከ 75 በመቶው ላይ ይቆይ። ቀርፋፋ ሆንኩ ብላችሁ ካፈራችሁ ትክክለኛው ፍጥነት ላይ ናችሁ።

እኔ በመጀመሪያው ዓመት አላፈርኩም። ከአሮና በታች ሁለት ሆላንዳውያን «ሃሎ» ብለው አለፉኝ፤ ሰላምታቸው አናደደኝ መሰለኝ፣ ጎማቸው ላይ ተለጠፍኩ። ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል አብሬያቸው ሄድኩ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ጭብጦ አልበላሁም፤ ለመብላት እጅ ከመሪው መነሳት አለበት፣ እጄን ካነሳሁ ደግሞ ይጥሉኛል። ከቪላፍሎር በላይ ጥዱ መሃል ስደርስ ፔዳሉ ጭቃ ውስጥ የገባ መሰለኝ። ወርጄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ጭብጦውን ከኪሴ አወጣሁት፣ ፎይሉን መላጥ ግን አቃተኝ። ጣቶቼ ይንቀጠቀጡ ነበር። ከነፎይሉ ነከስኩት፤ ፎይሉ ጥርሴ ላይ ሲንቋቋ ነው ወደ ራሴ የተመለስኩት። የቀረውን መንገድ ለመጨረስ ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጀብኝ።

4. ተቀምጣችሁ ውጡ፣ አልፎ አልፎ ቁሙ

መቆም ብዙ ኦክስጅን ይበላል፣ ወገብን ግን ያሳርፋል። በየአሥር ደቂቃው ለሃያና ለሠላሳ ርግጫ ያህል መቆም በቂ ነው። ከመቆማችሁ በፊት የኋላውን አንድ ወይም ሁለት ማርሽ አክብዱ፤ አለዚያ እግር ባዶ ይረግጣል። ስትነሱም ፔዳሉን ወደ ታች እየገፋችሁ ይሁን። እንዲያው ብድግ ያለ ሰው ብስክሌቱ ወደ ኋላ ይንሸራተትና ከኋላው ካለው ጎማ ጋር ይጋጫል፤ በካምፕ ውስጥ ብዙ ጠብ የሚነሳው በዚህ ነው። ኩርባ ስትቀርቡ ማርሹን ቀድማችሁ አቅልሉ። ጥምዙ ውስጥ ሙሉ ክብደታችሁን ሰንሰለቱ ላይ ጥላችሁ ከቀየራችሁ ይወልቃል፣ ዳገት ላይ ቆሞ እንደገና መነሳት ደግሞ ራሱን የቻለ ፈተና ነው።

5. ቪላፍሎር ላይ ቁሙ

ቪላፍሎር ወደ 1,400 ሜትር ላይ ያለች መንደር ናት። ከዚህ በኋላ እስከ ላይ ድረስ ሱቅ ስለሌለ ሁለቱንም የውኃ ጠርሙስ ሙሉ። ቡና ጠጡ፣ ግን ከአሥር ደቂቃ አትለፉ፤ እግር ከቀዘቀዘ ይከራከራል። ከመንደሩ ወጣ ስትሉ ፒኖ ጎርዶ የሚባለውን ከ45 ሜትር በላይ የሚረዝም ጥድ ታያላችሁ። ከዚያ በኋላ ዳገቱ ላላ ይላል፤ ጠዋት ጉልበቱን ያስቀመጠ ሰው አሁን አንድ ማርሽ ማክበድ ይችላል። ሰዎችን ማለፍ የሚጀመረውም እዚህ ነው። ሰላም እያላችሁ እለፉ።

ጥዱ አልቆ ጥቁሩና ቡናማው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሲመጣ ፀሐዩ ይከብዳል። አየሩ ስለሚቀዘቅዝ ፀሐይ አይመስልም፣ ግን ያቃጥላል። ማታ ጆሮዬ ሲላጥ ነው የገባኝ።

6. ቁልቁለቱ

በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። ባሕር ዳር 22 ዲግሪ ከነበረ ላይ 9 ገደማ ይሆናል ማለት ነው፤ በላብ የራሰ ሰው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲወርድ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። የንፋስ ጃኬቱን ከመውረዳችሁ በፊት ልበሱ። ፍሬን ይዛችሁ አትውረዱ፤ ከኩርባው በፊት ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ፣ ኩርባው ውስጥ ልቀቁ። ፍሬኑን ሳይለቅ የሚወርድ ሰው በተለይ ጠርዝ ላይ የሚይዝ ፍሬን ካለው ጎማው ይግልበታል። የቱሪስት አውቶቡሶች በኩርባ ላይ የእናንተን መስመር እንደሚበሉም አትዘንጉ።

በማግስቱ ጠዋት የሆቴሉን ደረጃ ስትወርዱ የጭናችሁን ፊት አድምጡ። የደረጃውን ብረት ከያዛችሁ የዚያን ቀን ዳገት የለም፤ በባሕር ዳር መንገድ አንድ ሰዓት ተኩል በቀላል ማርሽ፣ ቡናውን ጨምሮ።