ግሩፕ ላይ ስትጠይቁ፦ አዲስ ለገባችሁ የሰሜን ሸዋ ልጆች

ከደብረ ብርሃን፣ ከመሐል ሜዳ ወይም ከሸዋ ሮቢት በዲቪ አሜሪካ የሚገባ ሰው ሻንጣውን ሳይፈታ አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ መግባቱ አይቀርም። ቤት የሚፈልግ፣ ሥራ የሚጠቁም፣ ዕቃ የሚልክ፣ ለለቅሶ የሚያዋጣ፣ ሁሉም እዚያ ነው። አዲስ ገቢው ግን ብዙ ጊዜ ገብቶ ዝም ይላል፤ ይሉኝታ ይይዘዋል። ሲብስበት ደግሞ እንዲህ ብሎ ይጽፋል፦ «ሰላም ወገኖቼ፣ አንድ ጥያቄ ነበረኝ፣ የሚያውቅ በውስጥ ያናግረኝ።»

ለዚህ የሚመልስ አታገኙም። ሰዉ ክፉ ሆኖ አይደለም። ከሥራ ወጥቶ አውቶቡስ ላይ ሆኖ ነው ስልኩን የሚያየው፤ ምን እንደምትፈልጉ ሳያውቅ በውስጥ ገብቶ «አቤት» የሚልበት ጊዜ የለውም። አገር ቤት የማን ልጅ እንደሆናችሁ ስለሚታወቅ ግማሹን ሳትናገሩት ይገባቸዋል። እዚህ የሚያውቃችሁ ስለሌለ ጥያቄያችሁ ሁሉን ነገር ይዞ ይምጣ፦ የት ከተማ እንዳላችሁ፣ በምን ቪዛ እንደገባችሁ፣ ምን እንደሞከራችሁ፣ እስከ መቼ እንደሚያስፈልጋችሁ። ለምሳሌ፦

«የደብረ ሲና ልጅ ነኝ፣ በዲቪ ከገባሁ ሁለት ሳምንቴ ነው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለሁት። ግሪን ካርዴ በፖስታ ገና አልደረሰኝም። ቀጣሪዬ መሥራት እንደምችል ማስረጃ አምጣ ብሎኛል። ፓስፖርቴ ላይ ያለው ቪዛና ማኅተም ይበቃል ወይ? ቀጠሮዬ ሐሙስ ነው።»

ይሄን ያየ ሰው ፌርማታ ላይ ቆሞ ይመልሰዋል፦ ይበቃል፤ ሲገቡ ማኅተም የተመታበት የኢሚግራንት ቪዛ ከገቡበት ቀን ጀምሮ ለ1 ዓመት እንደ ግሪን ካርድ ያገለግላል። ጥያቄውን ለማስረዳት ብላችሁ ግን የፓስፖርታችሁን ፎቶ አትለጥፉ። ግሩፑ ውስጥ ማን እንዳለ አድሚኑም በቅጡ አያውቅም።

ሰዓትና ቀን ስትጽፉ ተጠንቀቁ። «ቅዳሜ 3 ሰዓት ኤርፖርት እደርሳለሁ፣ የሚቀበለኝ አለ?» ብላችሁ በሀበሻ ሰዓት ጠዋት ማለታችሁ ከሆነ፣ እዚህ የቆየው ሰው ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣላችሁ። ስድስት ሰዓት ሻንጣ ላይ ተቀምጣችሁ ትጠብቁታላችሁ። «ከጠዋቱ 9፣ በአሜሪካ ሰዓት» በሉ። አሜሪካኖች ወሩን ከቀኑ ስለሚያስቀድሙ የወሩን ስም በፊደል ብትጽፉት ደግሞ ይሻላል።

ግሩፑ በደንብ የሚመልሳቸው ነገሮች አሉ፦ የትኛው ሰፈር ኪራይ ይረክሳል፣ አውቶቡሱ ስንት ቁጥር ነው፣ ጤፍ የት ይገኛል። አድራሻ ስትቀይሩ በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ እንዳለባችሁም ቀድሞ የሚነግራችሁ ግሩፑ ነው። የጥገኝነት ጉዳይ፣ ፍቺ፣ ፖሊስ የገባበት ነገር ግን የግሩፕ ወሬ አይደለም። «የእህቴ ጉዳይ እንዲህ ሆኖ አለቀ» የሚለው ሰው ልቡ ንጹሕ ቢሆንም የእህቱ ፋይል የእናንተ ፋይል አይደለም። ለኢሚግሬሽን ጉዳይ የሕግ ምክር መስጠት የሚችለው ጠበቃ ወይም መንግሥት ዕውቅና የሰጠው ተወካይ ብቻ ነው። በትንሽ ብር ፎርም እሞላለሁ የሚል የአገር ልጅ ሲመጣ ፈቃዱን ጠይቁት፤ ቢቀየም ይቀየም።

መልስ ካገኛችሁ በኋላ ጠፍታችሁ አትቅሩ። የመንዝ ገበሬ ወንፈል ሲወጣ ነገ የእሱ ማሳ ተራ እንደሚደርስ ያውቃል፤ ግሩፕ ላይ ያ ተራ የሚመለሰው የሆነውን በመንገር ነው። «ሄጄ ነበር፣ ተቀብለውኛል፣ ሁለት ሰዓት ያስጠብቃል» የሚል አንድ መስመር ከሰባት የምስጋና አበባ ይሻላል። ከእናንተ ኋላ የሚመጣው ልጅ ፈልጎ ያገኘዋል።

አሁን ሰውን ውለታ ወደ መጠየቁ እንምጣ። በጣም ቀላሉና ሰው በደስታ የሚያደርገው ያገለገለ የክረምት ኮት መስጠት ነው፤ ሳታፍሩ ጠይቁ። የደብረ ብርሃን ውርጭ አሳድጎናል ብላችሁ አትኩሩ። የዚያ ውርጭ ረፋድ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ይለቃል፣ የዚህ በረዶ ግን ሳምንት ሊቆይ ይችላል።

ከባዱ ዕቃ ማስያዝ ነው። መንገደኛ ሲገኝ ሁሉም ይረባረብበታል፣ እናትም የደብረ ሲና ቆሎ፣ ሽሮ፣ በርበሬ ሳይልኩ አይተኙም። ስትጠይቁ ምን እንደሆነና ስንት ኪሎ እንደሆነ ቁርጡን ተናገሩ፤ «ትንሽ ነገር ናት» ተብላ አምስት ኪሎ የምትሆን ዕቃ አለች። አዲስ አበባ ላይ የሚያስረክበው ሰው ከፍቶ ያሳይ፣ መንገደኛውም እየነካካ ያሽግ። ቋንጣና ሥጋ ነክ ነገር ጉምሩክ ይወርሰዋል፣ ሳያስመዘግብ የተያዘም ሊቀጣ ይችላል። ጫት አሜሪካ ውስጥ ወንጀል ነው፣ «ለሻይ የሚሆን ቅጠል» ቢባልም። እናንተም አገር ቤት ስትሄዱ የታሸገ ዕቃ የሚሰጣችሁን ሰው ክፈትልኝ በሉት። እምቢ ካለ ዕቃውም ይቅር።

ከወረዳ ሰነድ እንዲወጣላችሁ የአንዱን ወንድም ልትለምኑ ከሆነ በቅድሚያ ውክልናውን ጨርሱ። በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ይረጋገጣል፣ አዲስ አበባ ደግሞ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል። ባዶ እጁን የሄደ ሰው ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን ተመላልሶ የመኪናውን ከፍሎ ይመለሳል።

«እዚህ ዶላር ስጠኝ፣ እዚያ ለቤተሰብህ ብር አስገባለሁ» የሚል መልእክት በውስጥ ከመጣላችሁ መልስ አትስጡ። ከባንክና ፈቃድ ካለው ተቋም ውጭ የሚደረግ ምንዛሪ ኢትዮጵያ ውስጥ ሕገ ወጥ ነው፣ ብሩ ባይገባ የምትከሱበት መንገድ የለም። መልእክቱን ስክሪንሾት አንስታችሁ ለአድሚኑ ላኩ።