ቤቱን በትንሹ ደመወዝ አቁሙት፦ ድሬዳዋ ላይ ጥሩ ገቢ እያለው ለሚቸገር ቤተሰብ

የአንገት ሀብሌን የሸጥኩት ገቢያችን ከምንጊዜውም በላይ ከፍ ባለበት ዓመት ነው። 2016 ነበር። ባለቤቴ መሐንዲስ ነው፤ በአንድ ፕሮጀክት ላይ ዳጎስ ያለ ደመወዝ ይከፈለው ነበር። እኔም የሂሳብ ባለሙያ ነኝ። ከዚራ ሰፈር ውስጥ ትልቅ የጥላ ዛፍ ያለው ግቢ ተከራይተን፣ ልጆቻችንን ከምናውቃቸው ትምህርት ቤቶች ሁሉ ውድ ወደሆነው አስገብተን ስንኖር ፕሮጀክቱ ሳይታሰብ ቆመ። አራት ወር በእኔ ደመወዝ ብቻ ቆየን። በሁለተኛው ወር መጋላ ወረድኩና እናቴ ለሠርጌ የሰጠችኝን ሀብል ወርቅ ቤት ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። መቆለፊያው ልል ስለነበር እናቴ በቀይ ክር አስራ አጥብቃው ነበር። ሰውየው ክሩ እንዳይመዘን በጥፍሩ ፈትቶ መለሰልኝ። እስከ ዛሬ ቦርሳዬ ውስጥ አለ።

ከዚያ ወዲህ ቤታችንን የምናስተዳድርበትን መንገድ ለወጥን። ለሥራ ባልደረቦቼ ደጋግሜ ነግሬአቸዋለሁ፤ አሁን ጽፌ ማስቀመጥ ፈለግሁ። የምጽፈው ሁለት ደመወዝ ለሚገባበት፣ በሰው ዓይን ሀብታም ለሚባል፣ ወሩ 20 ሳይሞላ ግን እጁ ለሚያጥረው ቤት ነው። እንዲህ ያለው ቤት ችግሩን ለማንም አይናገርም፤ ቢናገር ማን ያምነዋል?

ደመወዛችሁን በትክክል እወቁት

ሰው ሲጠይቀን የምንናገረው ደመወዝ ሌላ ነው፤ ቤት የሚገባው ሌላ። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራበት የግብር ሠንጠረዥ የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነጻ ነው፤ ከ14,000 ብር በላይ ባለው ላይ ግን ከእያንዳንዱ ብር 35 ሳንቲም ይቆረጣል። ለጡረታ ደግሞ 7 በመቶ ይሄዳል። የባለቤቴ የአሁኑ ደመወዝ 60,000 ብር ነው። ከዚህ ላይ 18,950 ለግብር፣ 4,200 ለጡረታ ሄዶ 36,850 ይገባል። የእኔ 38,000 ደግሞ 24,090 ሆኖ ይደርሰኛል።

ጭማሪ ሲመጣም ያው ነው። 10,000 ብር ተጨመረላችሁ ሲባል እጃችሁ የሚገባው 5,800 ነው። እኛ ድሮ ጭማሪ በተነገረን ምሽት 10,000ውን ሙሉ በምኞት እንጨርሰው ነበር፤ ይህ መጋረጃ፣ ያ ፍሪጅ እያልን። በሚቀጥለው ወር የሚጎድለው 4,200 ብር የት እንደገባ እንኳ አናውቅም ነበር። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሁለታችሁን የተጣራ ደመወዝ ደብተር ላይ ጻፉ፤ ከዚያ በኋላ ሌላውን ቁጥር እርሱት።

ቋሚ ወጪ በትንሹ ደመወዝ

የእኛ ደንብ ይህ ነው፦ በየወሩ ልናስቀረው የማንችለው ወጪ በሙሉ ከሁለቱ ደመወዞች በአነስተኛው መሸፈን አለበት። ኪራይ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቤት ሠራተኛ ደመወዝ፣ መብራት፣ ውሃና ስልክ። የእኔ 24,090 ነው። ኪራያችን 13,000፣ የሁለቱ ልጆች ትምህርት ቤት 5,400፣ የሠራተኛችን 4,000፣ መብራት፣ ውሃና ስልክ 1,500፤ ድምሩ 23,900። 190 ብር ትተርፋለች። እዚህ ለመድረስ ዓመት ፈጅቶብናል።

ለምን በትንሹ? ምግብ ሲወደድ ሽሮ ይበላል፤ ልብስ ይቆያል። አከራይና ትምህርት ቤት ግን አይቆዩም። ጥሩ ደመወዝ ያለውን ቤት የሚጥለው በርበሬና ዘይት ሳይሆን ደመወዙ ከፍ ባለ ሰሞን የተገባ ውል ነው። ትልቁ ደመወዝ ቢቋረጥ ቤቱ በትንሹ ቆሞ መጠበቅ አለበት። እኛን የጎዳን ይህ አለመሆኑ ነው፤ የያኔው ኪራያችን ብቻውን የእኔን ደመወዝ ሊጨርስ ምንም አልቀረውም ነበር። ደመወዛችሁ እኩል ከሆነ ደግሞ ሥራው ይበልጥ አስተማማኝ የሆነውን ሰው ደመወዝ ያዙ።

ቤት ስትፈልጉ

ከከዚራ ወደ ሳቢያን ስንዛወር ብዙ ተምሬአለሁ። ቤት ለማየት ጠዋት አትሂዱ። ጠዋት ድሬዳዋ ውስጥ ሁሉም ቤት ደስ ይላል። ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሂዱ፤ በምዕራብ በኩል ያለውን የመኝታ ክፍል ግድግዳ በውስጥ በኩል በመዳፋችሁ ንኩት። እጃችሁን ማቆየት ካቃታችሁ በኪራይ ያተረፋችሁት በመብራት ይወጣል። ጣሪያው ኮርኒስ እንዳለው፣ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል አየር መውጫ እንዳለ እዩ። በረንዳና አንድ የኒም ዛፍ ካለ ሌላ አንድ ክፍል እንዳለ ቁጠሩት፤ እኛ ከሚያዝያ ጀምሮ ማታ የምንቀመጠው ውጭ ነው።

ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ አከራዩን ሳይሆን የጎረቤት ሴቶችን ጠይቁ። ደቻቱ ወንዝ ዳር ርካሽ ቤት ካገኛችሁ ደግሞ እባካችሁ ተዉት። በሐምሌ 1998 መጨረሻ በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው የወሰደው ከዚያ ዳርቻ ነው። ወንዙ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ስለሚታይ አዲስ የመጣ ሰው አያምንም።

ውል ስትፈርሙ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ድሬዳዋንም እንደሚመለከት እወቁ። የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፤ ከሁለት ዓመት ላነሰ ጊዜ አይደረግም፤ ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። እኛ ከዚራ ስንገባ የስድስት ወር ከፍለን ነበር፤ ያ ገንዘብ እጃችን ላይ ቢቆይ ሀብሉ ባልተሸጠ ነበር።

የትምህርት ቤቱ ነገር

በዚህ ጉዳይ ላይ ከባለቤቴ ጋር ሦስት ወር ተከራክረናል። ልጅን ከውድ ትምህርት ቤት ማውጣት ወላጅን ያሳፍራል፤ እውነቱን መናገር ይሻላል። ትልቋ ልጃችን አለቀሰች። ግን ክፍያው ላይ ሰርቪሱን፣ መጽሐፉን፣ ዩኒፎርሙን፣ በየወሩ የሚመጣውን የዝግጅት መዋጮ ስንደምርበት ወረቀቱ ላይ ካለው ቁጥር አንድ ተኩል እጥፍ ሆኖ አገኘነው። አሁን የሚማሩት በእግር አሥር ደቂቃ ከሚያስኬድ ትምህርት ቤት ነው። ከመመዝገባችሁ በፊት መምህራኑ እዚያ ስንት ዓመት እንደቆዩ ጠይቁ፤ እኔ ከሕንጻው ይልቅ ይህን አምናለሁ። አሁን የትልቋን የሂሳብ መምህር ስሙን ብቻ ሳይሆን ባሕርዩንም አውቀዋለሁ።

የመስከረም ወጪ በነሐሴ ይደርሳል። እኛ በየወሩ 6,000 ብር የምንጥልበት እቁብ አለን፤ ሲጀመር ለሰብሳቢው ነግረን የነሐሴን እጣ እንድንወስድ ተስማምተናል። እጣችን ቀድሞ ከወጣም ነሐሴ ከደረሰው ሰው ጋር እንለዋወጣለን። የሚቸኩል ሰው ስለማይጠፋ እስከ ዛሬ እምቢ ያለን የለም።

ሙቀት፣ ውሃና ትንኝ

ስለ ኑሮ ወጪ የሚጽፉ ሰዎች አዲስ አበባ ተቀምጠው ስለሚጽፉ ይህን አያነሱትም። ድሬዳዋ ላይ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ያለው የመብራት ክፍያ እንደ ሌላው ወር አይደለም። አጠቃቀማችሁ ሲጨምር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም አብሮ ይጨምራል፤ ስለዚህ ኤሲ በሁለት ክፍል ስትከፍቱ ክፍያው እጥፍ ብቻ ሆኖ አይቆምም። እኛ ሙቀቱ በሚጸናበት ሰሞን ሁላችንም በአንድ ሰፊ ክፍል በቬንትሌተር እንተኛለን። ከጥቅምት እስከ የካቲት ባሉት ቀዝቀዝ ባሉ ወራት ደግሞ በየወሩ ጥቂት እያስቀመጥን የሙቀቱን ወራት ልዩነት እንሞላለን፤ 1,500 ያልኩት ቁጥር የሚጸናው በዚህ ነው።

የውሃ ማሞቂያውን ከመጋቢት በኋላ ነቅለን እናስቀምጠዋለን። ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ቀን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ውሎ ማታ የሚወርደው ውሃ ሞቆ ነው የሚመጣው። የድሬ ውሃ ደግሞ ኖራ ይበዛበታል። የመጀመሪያው ማሞቂያችን ሲበላሽ ጠጋኙ የሚሞቀውን ብረት አውጥቶ አሳየኝ፤ እንደ ዕጣን ጉብጉብ ያለ ነጭ ድንጋይ ዙሪያውን ለብሶ ብረቱ አይታይም ነበር። በዓመት አንድ ጊዜ ካላስጠረጋችሁት ለሌላ ማሞቂያ ትከፍላላችሁ።

ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሁላችንም በርሜል እንሞላለን። በርሜሉን ክደኑት! በ2011 ክረምት ከተማችን ውስጥ ቺኩንጉንያ ሲገባ ከቤታችን አራት ሰው ተኝቶ ነበር፤ ለምርመራና ለመድኃኒት የወጣው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የቀረው የሥራ ቀንም አለ። ያቺ ትንኝ የምትራባው ባልተከደነ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ነው፤ የምትነድፈውም በቀን ነው። ለክዳን የሚወጣ ገንዘብ ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ገበያ

አጭር ነው። ጤፍ በጥር ወይም በየካቲት፣ አዝመራው ገብቶ ሳለ በኩንታል ግዙ፤ ጤፍን ነቀዝ አይደፍረውም። አስፈጭታችሁ ግን አታስቀምጡ፤ በእኛ ሙቀት ዱቄት ሽታው ቶሎ ይለወጣል። ቲማቲም ቀፊራ ገበያ ሲመሽ ይረክሳል፤ ለዚያው ቀን ብቻ ግን። ደንበኛዬ ብዙ ላነሣ ስል እጄን ይዘው “ልጄ፣ ይሄ ለዛሬ ማታ ነው፤ ለነገ አይሆንሽም” ይሉኛል። እንዲህ የሚል ደንበኛ ከቅናሽ ይበልጣል።

ዘመድ

ጥሩ ደመወዝ አለው የሚባል ሰው ብቻውን አይበላም፤ መብላትም የለበትም። እናቴ ሐረር ናት። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ይማራል። ድሮ ሲደወልልን እንሰጥ ነበር፤ ባጣንበት ቀን ከተደወለ ስልክ አናነሣም ነበር፤ ያ ይበልጥ ያሳምመኛል። አሁን ከባለቤቴ ደመወዝ 6,000 ብር ደመወዝ በገባበት ቀን ይላካል፤ ለእናቴ 3,500፣ ለወንድሙ 2,500። ሳይጠይቁ ሲደርሳቸው ክብራቸው ይጠበቃል፤ እኛም ስልክ ስንሰማ አንደነግጥም። በትንሹ ደመወዝ ውስጥ ያላስገባሁት መውደዴ ስላነሰ አይደለም፤ የባለቤቴ ደመወዝ ቢቋረጥ እናቴን ቁጭ ብዬ ላስረዳት እችላለሁ፤ አከራዬን ግን አልችልም።

ሠርግ፣ ክርስትና፣ ለቅሶ፣ ለፋሲካና ለዒድ ከጎረቤት ጋር የምንለዋወጠው ደግሞ ለብቻው ነው። አንድ ዓመት ሙሉ የወጣውን ጻፉና ለ12 አካፍሉት። እኛ ስንጽፍ 23 ጥሪ ተቆጠረ። ከዚያ በኋላ “ድንገተኛ ወጪ” ማለት ትተናል፤ በየዓመቱ የሚመጣ ነገር ምኑ ድንገተኛ ነው?

የወሩ ስብሰባ

ደመወዝ ከገባ በኋላ ባለው የመጀመሪያ እሑድ ማታ በረንዳው ላይ ደብተሩን እንከፍታለን። ትልቋ ልጃችን አሁን 11 ዓመቷ ነው፤ ቁጥሩን የምታነበው እሷ ናት። መጀመሪያ ልጅ ፊት ገንዘብ መነጋገር ከብዶኝ ነበር። አሁን ግን ጫማ ስትፈልግ እኔን ከመለመኗ በፊት ደብተሩን ታያለች። ባለፈው ወር ለኤሲ የምናስቀምጠው የት እንደደረሰ ጠየቀች፤ 14,100 ብር ደርሷል። ለልጆቹ ክፍል አንድ ብቻ እንገዛለን። የምንገዛውም በታኅሣሥ ነው፤ በግንቦት ሁሉም ሰው ሱቅ በር ላይ ሲሰለፍ ዋጋውም ገጣሚውም አይቀመሱም። የሚጨምረውን የመብራት ክፍያ ከኤሲው ዋጋ ለይተን ደብተሩ ላይ ጽፈነዋል፤ እስከ ነሐሴ ያለው የመብራቱ ገንዘብ ሙሉው ካልተቀመጠ ግዢው ለሚቀጥለው ታኅሣሥ ይተላለፋል።