የጫማውን ቁጥር ሳይቀር ንገሩት

ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ ጠብሼ መሸጥ ከጀመርኩ አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። የመጀመሪያዎቹን ዘጠኝ ዓመታት ስጸልይ የኖርኩት በአንድ ቃል ነበር፤ «አንተ ታውቃለህ»። ትሕትና ይመስለኝ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ፍርሃት ነበር። ለይቼ ለምኜው ባይሰጠኝስ እያልኩ እፈራ ነበር። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ አፋቸው ተይዞ ለሚጸልዩ ነው።

አፌን ያስከፈቱኝ አንዲት እናት ናቸው። ወር በገባ በ23፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ኪዳን እየደረሰ ከጎኔ ቆመዋል። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ግንባራቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው፣ «ጌታዬ፣ የልጅ ልጄ ሰኞ ትምህርት ቤት ይገባል፤ ጫማው ተቀዷል። ቁጥሩ 36 ነው። ጥቁር ቢሆን ደስ ይለዋል» ሲሉ ሰማሁ። አላለቀሱም፣ ደረታቸውን አልደቁም። አማትበው፣ ግድግዳውን ተሳልመው ሄዱ። ዳግመኛ ስላላየኋቸው ጫማው ይምጣ አይምጣ አላውቅም። ልቤን የነካው ቁጥሩ ነው። ሰው የጫማ ቁጥር የሚናገረው ሊገዛለት ለተነሣ ሰው ነው።

ስለዚህ የምትፈልጉትን በስሙ ጥሩት። የእኔ ችግር ማቀዝቀዣ ነበር። ጠዋት የገዛሁት ቀረሶ ሳይሸጥ ከዋለ ወደ ማታ ዓይኑ ይደፈርሳል፤ ያኔ ወይ ለጎረቤት አድለዋለሁ፣ ወይ እጥለዋለሁ። ታዲያ ለነፍሴ ምሕረት በምለምንበት አፍ ማቀዝቀዣ ብዬ መጥራት ያሳፍረኝ ነበር። ነገር ግን ከሕፃንነቴ ጀምሮ «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ ሀበነ ዮም» ስል ኖሬያለሁ። ቅደም ተከተሉን ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ጌታ ባስተማረን ጸሎት የዕለት እንጀራችን የሚለመነው የበደላችን ይቅርታ ከመለመኑ በፊት ነው። እንጀራን እንዲህ ከፍ ባለ ቦታ ያስቀመጠው እርሱ ራሱ ከሆነ፣ እኔ በምን አፈርኩ?

ያቤጽንም አስታውሱ። በአንደኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 4 ላይ፣ በረጅም የትውልድ ዝርዝር መካከል፣ ታሪኩ ሁለት ቁጥር ብቻ ነው። እናቱ በጣር ስለወለደችው ስሙን ከሕመም አወጣችለት። እርሱ ግን በስሙ ተሸማቅቆ አልቀረም፤ ባርከኝ፣ አገሬን አስፋ፣ እጅህ ከእኔ ጋር ትሁን፣ ከክፉ ጠብቀኝ አለ። እግዚአብሔርም የለመነውን ሰጠው።

ድፍረት ሲባል ግን ያገኙትን ሁሉ መለመን አይደለም። እኔ ልመናዬን የምፈትነው በአንድ ነገር ነው፤ ጎረቤቴ ሰምታኝ ቢሆን አፍራለሁ ወይ? ከጎኔ ለምትጠብሰው ሴት የሚሄደው ደንበኛ ወደ እኔ እንዲመለስ የለመንኩበት ጊዜ ነበር። ያን ልመና ትቼ የእርሷን ስም ከስሜ ጋር መጥራት ጀመርኩ። ከዚያ በኋላ ለመለመን ስቆም ልቤ አይከሰኝም። ስዕለትንም ተጠንቀቁ። ዘጌ ድረስ ተሻግረው ለኪዳነ ምሕረት ከአቅማቸው በላይ ተስለው፣ ሰላም ሊያገኙበት የሚገባውን የየካቲት 16 በዓል በጭንቀት የሚያሳልፉ አውቃለሁ። የምትችሉትን ተሳሉ፤ ሲደርስላችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ አግቡ።

ከለመናችሁ በኋላ ቦታ አዘጋጁ። በነቢዩ በኤልሳዕ ዘመን ባለዕዳዋ መበለት ከጎረቤቶቿ ባዶ ማድጋ እንድትለምን ታዘዘች፤ ዘይቱ የቆመው ማድጋ ሲያልቅ ነው። እኔም ከቤቴ ጥግ የከሰሉን ጆንያ አነሣሁ፣ ወለሉን አጠብኩ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርቼ ማስኪያ አስተከልኩ። ሰው «እዚህ ምን ሊገባ ነው?» ሲለኝ «ማቀዝቀዣ» እላለሁ። ሰባት ወር ባዶውን ቆየ። በየሳምንቱ የሚጣል እቁብም ገባሁ። እቁብ መግባት እምነት ማጣት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልቀበለውም። እግዚአብሔር ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በሰው እጅ ነው፤ የእቁብ ሰብሳቢም እጅ አለው።

በመጠበቂያው ወራት ያጸናኝ የዓሣ አጥማጆቹ መረብ ነው። ማታ የተጣለው መረብ ንጋት ላይ ይነሣል፤ አንዳንድ ቀን ባዶ ነው። ዓሣ ልገዛ ወርጄ ደጋግሜ አይቻለሁ። ሰውየው ከታንኳው ይወርዳል፤ ታንኳዋ ደንገል ስለሆነች ውኃ እንዳይከብዳት ጎትቶ ፀሐይ ላይ ያቆማታል። ከዚያ ይቀመጥና ከመረቡ ዓይን ሣሩን አንድ በአንድ ይለቅማል፣ ያጥባል፣ የተበጠሰውን ይቋጥራል። ባዶ ለመጣ መረብ ይህን ያህል ይደክማል። ጌታ ወደ ስምዖን ጴጥሮስ ሲመጣም እነርሱ ሌሊቱን ሙሉ ደክመው ምንም ሳይዙ መረባቸውን እያጠቡ ነበር። መረቡ ታጥቦ ባይቆይ ኖሮ «ጣሉ» ሲባሉ ምን ይጥሉ ነበር?

ያልተመለሰልኝን ልመናም ልንገራችሁ፤ ይህን ዘልዬ ብጽፍ ዋሸኋችሁ ማለት ነው። ታናሽ ወንድሜ ታሞ ሲተኛ የአልጋውን ቁጥር ሳይቀር ለእግዚአብሔር ነግሬዋለሁ። 9 ነበር። ወንድሜ አረፈ። ሁለት ወር አቡነ ዘበሰማያትን እንኳ መጨረስ አቃተኝ። ለቅሶ ሊደርሱ ከመጡት አንዱ እምነቴ ስላነሰ እንደሆነ ነገረኝ። እንዲህ የሚላችሁን አትስሙ። በጌቴሴማኒ ጌታችን ራሱ ጽዋው እንዲያልፍ ለምኗል፤ ጽዋው አላለፈም። ማነው የእርሱን ልመና ደካማ የሚለው? ወደ ጸሎት የተመለስኩት ለምን ወሰድህብኝ እያልኩ ነው። ያም ጸሎት ነበር፤ ከፊቱ አላስወጣኝም።

ማቀዝቀዣው በስምንተኛው ወር መጣ። እቁቡ ወጣልኝ፤ ገንዘቡ ግን ለግማሹ ብቻ የሚበቃ ነበር። በዚያው ሳምንት አንድ ምግብ ቤት ዕቃ ሲቀይር ያገለገለውን በግማሽ ቅድሚያ፣ ቀሪውን በየወሩ እንድከፍል ተስማማልኝ። በሩ ትንሽ ተጣሟል፤ ሲዘጋ በጉልበት ገፋ ማድረግ ይፈልጋል። የግራው ጎን የእኔ ነው፤ በቀኙ የጎረቤቴ ዓሣ ያድራል።

ዘንድሮ የምለምነው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ለሐይቁ ነው፤ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ጣናን ያስጨነቀው እምቦጭ እንዲነቀል፣ ለሚነቅሉትም ጉልበት እንዲሰጥልን። ሁለተኛው ለቤቴ ነው፤ ጣሪያዬ በክረምት ያፈሳል። ስምንት ቆርቆሮ፣ ባለ 32 ጌጅ። ሚስማሩን ገዝቻለሁ።