ብዙ ሙያ ይዞ ለመጻፍ፦ ከቅኔ ቤት የተወሰደ አሠራር

የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ እንግዳ ሲገኝ በሞተር ጀልባ ወደ ዘጌና ወደ ጣና ደሴቶች አስጎበኛለሁ፤ አመሻሽ ላይ ደግሞ በብራና ላይ ሥዕል እሠራለሁ። አጫጭር ልብ ወለዶቼ የተጻፉት በእነዚህ ሦስት ሥራዎች መካከል ነው። መጻፍ የሚፈልጉ ወጣት ባልደረቦቼ ጊዜውን ከየት እንደማመጣው ደጋግመው ይጠይቁኛል። በዓመታት ውስጥ የተረዳሁት ግን ብዙ ሥራ ያለበት ሰውም ቢሆን ግማሽ ሰዓት እንደማያጣ፣ የሚቸግረው ያ ግማሽ ሰዓት ሲገኝ የሚጻፈው ነገር ተሰናድቶ አለመቆየቱ መሆኑን ነው። ወረቀት ፊት ከተቀመጠ በኋላ «ምን ልጻፍ?» ብሎ የሚጀምር ሰው ሰዓቱ በማሰብ ብቻ ያልቅበታል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምገልጸው አሠራር በአመዛኙ የሚመለከተው ከወረቀት ርቆ የሚሠራውን ሥራ ነው።

አሠራሩን ያገኘሁት በልጅነታቸው ጎጃም ውስጥ ቅኔ ከተማሩት ከአጎቴ ነው። የቅኔ ተማሪ ሙሉ ጊዜውን ለትምህርቱ የሰጠ ይመስለናል፤ ነገር ግን ቁራሽ ይለምናል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ውኃ ይቀዳል፣ መምህሩን በሥራ ያግዛል። ቅኔውን የሚያሰናዳው ከጉባኤው ራቅ ብሎ፣ ከዛፍ ሥር ወይም ከወንዝ ዳር ሆኖ ነው፤ ይህ ቆጠራ ይባላል። ብዕርና ወረቀት ሳይዝ ቃሉን በልቡ ይመርጣል፣ ቤቱን ይመታል፣ ሰሙንና ወርቁን ያስማማል። ከዚያ ተመልሶ የቆጠረውን ለመምህሩ በቃሉ ያቀርባል፤ ይህ ደግሞ ነገራ ነው፤ መምህሩም የተጣመመውን ያቃናለታል። የሚጀምረው ሁለት ቤት ብቻ ካለው ከጉባኤ ቃና ነው፤ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ብዙ ቆይቶ ይመጣል። አጎቴ ይህን ሲያጫውቱኝ ልብ ያልኩት ቆጠራና ነገራ በሰዓትም በቦታም የተለያዩ መሆናቸውን ነው። ለጽሑፍም እንዲሁ ነው፤ መቁጠር እየሄዱ ይቻላል፣ መጻፍ ግን መቀመጥን ይፈልጋል።

እንግዲህ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ለነገ አንድ ጥያቄ ቁረጡ። ጥያቄው ጠባብ ይሁን። «ስለ ታሪኩ አስባለሁ» ብሎ መተኛት ምንም አያስገኝም፤ «ሴትዮዋ ባሏ የላከውን ደብዳቤ መጀመሪያ ለማን አስነበበችው?» የሚል ጥያቄ ግን ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ይውላል። እኔ ጥያቄዬን በትምህርት ዕቅድ ደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ በአንድ መስመር አሰፍራለሁ፤ ጠዋት ደግሞ እስከ ትምህርት ቤት ያለውን የ25 ደቂቃ መንገድ በእግሬ እሄዳለሁ። ባጃጅ ብይዝ በቶሎ እደርስ ነበር፤ በባጃጅ ውስጥ ግን ቆጠራ አይሆንልኝም። ስለዚህ በዘንባባዎቹ ሥር ያለውን መንገድ ለዚያች ጥያቄ ብቻ ሰጥቼዋለሁ። መልስ ሲመጣ ዓረፍተ ነገሩን ሦስት አራት ጊዜ በቃሌ እወጣዋለሁ፤ በሩ ላይ ስደርስ የጠፋብኝ እንደሆነ ብዙ ጊዜ መጥፋት የሚገባው ዓረፍተ ነገር ነው። የጠዋቱ ፈረቃ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ሲያበቃ የከሰዓቱ ተማሪዎች እስኪገቡ ድረስ ባዶው ክፍል ውስጥ ተቀምጬ የቆጠርኩትን እጽፋለሁ። ቃሉ አስቀድሞ ስለተሰናዳ በዚያ ግማሽ ሰዓት አንድ ገጽ ይሞላል።

ቀጥሎ የሚያስፈልገው የያዛችኋቸውን ሥራዎች መለየት ነው፤ ይህም ከሁሉ ይበልጥ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባ ጉዳይ ይመስለኛል። ሥራን በሚወስደው ሰዓት ብቻ መመዘን ያሳስታል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ጀልባ ተሳፍሬ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ደርሼ፣ የመቅደሱን ግድግዳ ሥዕሎች ለእንግዶች አስረድቼ፣ የዘጌን የቡና ጫካ አሳይቼ ከሰዓት በኋላ ስመለስ፣ ሰዓቱ ቢቆጠር ስድስት ቢሆን ነው፤ ሌላ ስድስት ሰዓት የሚተርፈኝ ይመስላል። አንድ ቅዳሜ በመልስ ጉዞ ላይ፣ ነፋሱ ተነሥቶ ጀልባዋን ሲያንገላታት፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑት ነጂ «መምህር፣ ደኅና ነዎት? ዛሬስ ዝም አሉ» አሉኝ። «ቃሌ አለቀብኝ፣ ጋሼ» ብዬ መለስኩላቸው። እውነቴን ነበር። ቀኑን ሙሉ ስናገር ስለዋልኩ ለወረቀት የሚተርፍ ቃል አልነበረኝም፤ በዚያ ምሽት ለመጻፍ ብቀመጥ የሚወጣው ለእንግዶች የነገርኩት ማብራሪያ ራሱ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሥራዎቼን ቃል የሚበሉና ቃል የማይበሉ ብዬ እከፍላቸዋለሁ። ማስተማርና ማስጎብኘት ቃል ይበላሉ። ሥዕል ግን እጅንና ዓይንን እንጂ አንደበትን አይጠይቅም፤ የመላእክቱን ልብስ ቀለም እየሞላሁ የታሪኬን ሰዎች ንግግር ስሰማ አመሻለሁ፤ የመጀመሪያው ቀለም ደርቆ ጥቁሩን መስመር እስካወጣ ባለው ጊዜም እጽፋለሁ። ልብስ መስፋት፣ አትክልት መንከባከብ፣ እንጨት መጥረብ የሚያውቁ ወዳጆቼም ተመሳሳይ ነገር ይነግሩኛል። በአንጻሩ ለጽሑፍ ይቀርባሉ ተብለው የሚመረጡት እንደ ትርጉም፣ የሕዝብ ግንኙነትና የሪፖርት ዝግጅት ያሉ ሥራዎች ከጽሑፍ ጋር አንድ ጎተራ ይጋራሉ። ጋዜጠኛ ሆኖ ልብ ወለድ የጻፈው እንደ በዓሉ ግርማ ያለ ደራሲ ይህን ድካም ችሎታል፤ ሁላችንም እንችለዋለን ብዬ ግን አልመክርም። የራሳችሁን ሁኔታ ለማወቅ ለሁለት ሳምንት ያህል ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላ አሥር ደቂቃ ተቀምጣችሁ ለመጻፍ ሞክሩ፤ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር በቀላሉ መምጣት አለመምጣቱንም በደብተር መዝግቡ። ከዚያ በኋላ ቃል የሚበላ ሥራ ባለበት ቀን ከመጻፍ ይልቅ ማስታወሻ መያዝን ብቻ አቅዱ።

ማስታወሻ ግን በወጉ ካልተያዘ አይጠቅምም። በአንድ ወቅት «ታንኳ የያዘ ሰው፣ ምሽት» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ከወር በኋላ ሳነበው ምንም አልነገረኝም። አሁን የምጽፈው እንዲህ ነው፦ «ሰውየው ታንኳውን ከውኃው አወጣ። ደንገሉ ውኃ ጠጥቶ ስለከበደ በሁለት እጁ አቅፎ ጎተተው። ግንብ ላይ አስደግፎ አቆመው። ከታችኛው ጫፍ ውኃው ሲንጠባጠብ ቆሞ አየ፤ ከዚያ ጫማውን ፈልጎ አደረገ።» የደንገል ታንኳ ከአገልግሎት በኋላ ካልደረቀ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ይህን የማያውቅ አንባቢ እንኳ ከዚህ ማስታወሻ የሰውየውን ድካም ያየዋል። እጅ የሠራውን፣ ነገሩ የነበረበትን ሁኔታና አንድ ያልተጠበቀ እንቅስቃሴ መያዝ ብቻውን ይበቃል፤ ስሜታችሁን አትጻፉ፣ እርሱ ሲነበብ በራሱ ይመለሳል።

በማስታወሻ ረገድ ከባድ ዋጋ የከፈልኩበትንም ልናገር። የ11 ወር ማስታወሻዬን በስልኬ ላይ ብቻ ይዤ ነበር። ዘጌ ላይ ከጀልባ ስወርድ የአንዲት እንግዳ ቦርሳ ለመቀበል እጄን ስዘረጋ ስልኩ ከደረት ኪሴ ሾልኮ ሐይቁ ውስጥ ገባ። ውኃው እዚያ ጥልቅ ስላልነበረ ልጆች ጠልቀው አወጡልኝ፤ ስልኩ ግን ዳግመኛ አልበራም። ከዚያ ጀምሮ እሑድ ማታ የሳምንቱን ማስታወሻ በሙሉ ወደ አንድ ወፍራም ደብተር በእጄ እገለብጣለሁ። መብራት በሚጠፋበት ምሽት ሳይቀር በሻማ ይሠራል፤ ስገለብጥም የማይረባው በራሱ ይቀራል።

ሁለት የጥበብ ሥራዎችን ጎን ለጎን ለሚያስኬድ ሰው የምመክረው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ እንዳይጀምር ነው። አዲስ ታሪክ ስጀምር በሥዕል በኩል የማውቀውን፣ እጄ የለመደውን ብቻ እሥላለሁ፤ አዲስ የሥዕል ሐሳብ ሲይዘኝ ደግሞ በጽሑፍ በኩል ያለቀውን አርማለሁ። መጀመር ብዙ ጉልበት ይወስዳል፤ ማረምና መጨረስ በሌላ ጉልበት ይሠራሉ።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው ተረት ብዙ ሙያ ለያዘ ሰው ቶሎ ይተረትበታል፤ እኔም በተደጋጋሚ ተነግሮኛል። ይሁንና ወደ ዘጌ በሄድኩ ቁጥር በ1860 ዓ.ም. እዚያ የተወለደውን አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን አስባለሁ። ጣሊያን አገር ሥዕል ተምሯል፣ ናፖሊ ላይ አማርኛ አስተምሯል፣ የሰዋስው መጽሐፍ ጽፏል፣ ነግዷል፣ የጉምሩክ ሹም ሆኗል፤ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለውንም እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ አሳትሟል። በወረራው ዘመን ከጣሊያን ጎን መቆሙን አላጸድቅለትም፤ የሙያው ብዛት ብዕሩን እንዳላስጣለው ግን መካድ አይቻልም። የጎጃሙ ሐዲስ ዓለማየሁም አርበኛ፣ እስረኛ፣ አምባሳደርና ሚኒስትር ሆነው ኖረዋል፤ ታላቁን ልብ ወለዳቸውን በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ዕድሜያቸው ከ50 ካለፈ በኋላ ነው። ይህን የማነሣው በ30 ዓመታቸው «ዘገየሁ» ብለው ለሚጨነቁ ወዳጆቼ ስል ነው።

ዕቅድን በሳምንት ብቻ ሳይሆን በዓመትም መሥራት ይጠቅማል። ከመስከረም እስከ ጥር፣ ከእንቁጣጣሽ እስከ ጥምቀት፣ እንግዳ የሚበዛበት ጊዜ ስለሆነ ከአጭር ማስታወሻ ያለፈ ነገር ከራሴ አልጠብቅም። ከየካቲት በኋላ አርማለሁ። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ሲዘጋና ዝናቡ ሲጠና ረጅሙን ሥራ እሠራለሁ፤ በክረምት ያልተጀመረ ረጅም ታሪክ በሌላ ወቅት ተጀምሮልኝ አያውቅም።

ለቅሶ፣ ሠርግ፣ እድርና ማኅበር የጸሐፊ ጠላቶች ተደርገው ሲቆጠሩ እሰማለሁ፤ አልስማማም። ጎረቤት ሐዘን ላይ ተቀምጦ ቤት ዘግቶ የሚጻፍ ጽሑፍ ለማን እንደሚጻፍ አይገባኝም። በእንዲህ ያለ ሳምንት ጽሑፉን በግልጽ አቁሙት፤ የምትመለሱበትንም ቀን ወስኑ። ስትመለሱ ካቆማችሁበት ምዕራፍ አትጀምሩ፤ እንደ ጉባኤ ቃናው ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ጻፉና ተነሡ፤ በማግሥቱ አራት ይሆናል። ለቤተሰብም ቢሆን «እየጻፍኩ ነው» ከማለት «እስከ 2 ሰዓት እጽፋለሁ፣ ከዚያ እራት አብረን እንበላለን» ማለት ይሻላል። ባለቤቴ የማትታገሠው የማያልቀውን ሰዓት እንጂ የታወቀውን አይደለም።

ለመሥሪያ ቤት ወይም ለደንበኛ የምትጽፉ ከሆነ አንድ ሕግ ዕወቁ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት በሥራ ውል ወይም በትዕዛዝ የተሠራ ሥራ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀር ባለቤትነቱ የአሠሪው ወይም የአዛዡ ነው። ስለዚህ የራሳችሁን ታሪክ በመሥሪያ ቤት ሥራ ውስጥ አትቀላቅሉ፤ መብቱ እንዲቀርላችሁ የምትፈልጉትን በውሉ ላይ በጽሑፍ አስፍሩ።

የመጨረሻው ክፍል ነገራ ነው። ብዙ ሥራ ያለበት ሰው ጽሑፉን ለብቻው ደብቆ የማቆየት ልማድ ይይዘዋል፤ ሰሚ የሌለው ጽሑፍ ደግሞ በሥራ ብዛት መጀመሪያ የሚተወው ነው። እኔና ሁለት ወዳጆቼ፣ አንዷ ነርስ፣ አንዱ አናጺ፣ በወሩ የመጨረሻ እሑድ 10 ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር ካለ አንድ ዋርካ ሥር እንገናኛለን። እያንዳንዳችን ከሁለት ገጽ ያልበለጠ እናመጣለን። ጸሐፊው ጮክ ብሎ ያነባል፤ አንብቦ ሲጨርስ ማብራሪያ መስጠት አይፈቀድለትም። አድማጮቹ መጀመሪያ የሰሙትን መልሰው ይናገራሉ፤ የረሱት ቦታ የትኛው እንደሆነ ጸሐፊው ራሱ ያስተውላል፤ ያንን ቦታም በእርሳስ ያሰምርበታል። ከመለያየታችን በፊት እያንዳንዳችን ለሚቀጥለው ጠዋት የምንቆጥራትን አንዲት ጥያቄ ለሌሎቹ ተናግረን እንሄዳለን።